እምቦጩ አራት ማዕዘን ሆኖ በቀለ

የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «ጋሼ፣ ያንተ እምቦጭ እንዲህ ነው እንዴ የሚበቅለው?» አለኝ። የ2015 መስቀል ሰሞን ነው፤ ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠናል። ልጁ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በቴሌግራም የላክሁለትን ጨዋታ ከፍቶ ነበር።

ተቀብዬ አየሁት። በሰማያዊው ጣና ላይ አረንጓዴው አረም በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ በአራቱም በኩል እኩል እየተገፋ ይሰፋል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይኸው ጨዋታ፣ ይኸው ኮድ፣ እንደ እውነተኛው አረም ጥርስ ጥርስ እያወጣ፣ እዚህ ቀጥኖ እዚያ ሰፍቶ ነበር የሚሄደው። በልጁ ስልክ ላይ ግን የታጠረ ግቢ ይመስላል። ደቂቃ ሳይሞላ ሐይቁን ሸፍኖ ጨረሰው።

«ስልኬ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል» አለ ልጁ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣችም። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ኮዱ ሲበላሽ ጥፋቱን በስልኩ፣ ማለትም በኪሱ ላይ አላከከ። ስልኩ ግን ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። የተሳሳተው ትእዛዙ ነው፤ ያዘዝሁትም እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ዳንግላ መስኮቱ ሙሉ አደይ አበባ ነበር፤ እኔ ግን የማስበው ያንን አራት ማዕዘን ነበር። እንዴት እንደተፈታ ከመናገሬ በፊት ጨዋታው ምን እንደሆነና ለምን በግራፊክስ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ማያው ላይ ሥዕል ለማውጣት በተሠራው የዕቃው ክፍል፣ እንዳሠራሁት ላስረዳ።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም ገደማ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ አበባው ሲያዩት የሚያምር፣ ውሃው ላይ ሲዘረጋ ግን ታንኳ የማያሳልፍ፣ ዓሣ የሚያፍን አረም ነው። የከፋው ጉዳት በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነበር። እኛ የምንኖረው በደቡቡ ዳር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ነው። ሆኖም ከዚህም ሰው እየተነሣ ለዘመቻ ይሄድ ነበር፤ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ የሚነቅለውን ሕዝብ ያየ ሰው አይረሳውም። ያን ያህል ጉልበት ፈሶበት አረሙ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ልጆች በእጃቸው ነክተው እንዲያዩት ፈለግሁ። ጨዋታውን የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጣና ከላይ ይታያል። እምቦጭ ከዳር ይነሣል፣ ንፋስ ይገፋዋል፣ ወንዞች ደለልና ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ፣ አረሙ ያንን እየተመገበ ይራባል። ተጫዋቹ በጣቱ ጀልባዎች እየመራ ያስነቅላል። ሐይቁን በ512 በ512 ከፋፈልሁት፤ እያንዳንዷን ቁራሽ እንደ ገበጣ ቤት ቁጠሯት። በጠቅላላው 262,144 ቤት ይሆናል፤ አንዷ ቤት በእውነተኛው ሐይቅ ላይ ጎኗ ወደ 160 ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዷ ቤት በየእርምጃው ራሷንና በዙሪያዋ ያሉትን ስምንት ጎረቤቶች ታያለች፦ ጎረቤቴ ላይ እምቦጭ አለ ወይ? ውሃው ምግብ አለው ወይ? ንፋሱ ወዴት ነው? ከዚያ የነገዋን ትወስናለች።

ለአንድ እርምጃ 2,359,296 ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሴኮንድ 60 እርምጃ ከሆነ ደግሞ ከ141 ሚሊዮን ያልፋል። ለአንዱ ፍሬም፣ ማለትም ማያው ላይ ለሚወጣው ለአንዱ ሥዕል፣ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ መታሰቡም፣ መሣሉም፣ የጣቱን ንክኪ መስማቱም መጠናቀቅ አለበት። ጨዋታው የሚከፈተው በብራውዘር ነውና መጀመሪያ በብራውዘሩ ቋንቋ፣ በተራ ጃቫስክሪፕት፣ ጻፍሁት። ላፕቶፑ ቻለው። ስልክ ላይ ግን ጀልባው ጣቴን ተከትሎ ለመድረስ የሚጓዝ ሳይሆን ቆም ቆም እያለ የሚዘል ሆነ።

አባቴ ማቻክል ገበሬ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ኅዳር ሲገባ፣ ጤፉ ሲነጣ፣ ሰማዩን ደጋግመው ያዩ ነበር። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ይረግፋል። ብቻቸውን ቢያጭዱት ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ደቦ ይጠራሉ። እናቴ ጠላውን ቀደም ብላ ጠምቃ፣ እንጀራውን ስትጋግር አድራ ትጠብቃለች። ጠዋት አጫጆች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ አውራጁ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ ሁሉ በአንድ ምት ይገባል። ማታ ማሳው ነዶ ብቻ ነው።

ሲፒዩ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር፣ ማለት አባቴ ብቻቸውን ናቸው። ሞፈሩን ይጠግናሉ፣ በሬ ያጠምዳሉ፣ ሽምግልና ይቀመጣሉ፣ ንብ ይቆርጣሉ፤ አንዱን ሥራ ትተው ወደ ሌላው ለመዞር አይቸግራቸውም። ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ደቦው ነው። እያንዳንዱ አጫጅ ብቻውን ሲታይ ከአባቴ አይበልጥም፤ እንዲያውም የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገር ግን ብዙ ናቸው፣ እኩል ይንቀሳቀሳሉ፣ ለሁሉም የሚነገራቸው አንድ ቃል ነው። የእኔ 262,144 ቤቶችም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ለደቦ የተፈጠረ ማሳ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሰው አሰማርቼበት ነበር።

ደቦን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ዕቃ ጠባይ ለመረዳት አይከብድም። ኤንቪዲያ የተባለው አምራች ፕሮሰሰሮች ሠራተኞቻቸውን 32፣ 32 አድርገው በቡድን ያራምዳሉ፤ በተፎካካሪው በኤኤምዲ ዘንድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቡድኑ 64 ነበር። ቡድኑ በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ነው የሚፈጽመው። በኮዱ ውስጥ «ውሃ ከሆነ ይህን፣ የብስ ከሆነ ያን አድርግ» ብዬ ብጽፍና ከአንዱ ቡድን ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ የብስ ላይ ቢወድቅ፣ መጀመሪያ አንደኛው ወገን ሲሠራ ሌላው ይቆማል፤ ከዚያ በተራ ይለዋወጣሉ። አንድ አጫጅ ማጭዱን ሊስል ሲቆም መስመሩ ሁሉ እንደሚቆም ነው። የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው፤ እንዲህ ያለ የተቀላቀለ ቡድን ሞልቶታል። ስለዚህ የጥያቄውን ሰንሰለት አወጣሁና በማባዛት ተካሁት፦ ውሃ የሆነ ቤት 1፣ የብስ የሆነ 0፤ ሁሉም ያንኑ ስሌት ይሠራል፣ የብስ ላይ ያለው ውጤቱ በ0 ይባዛና ይጠፋል። ከንቱ ድካም ይመስላል። ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ሌላው ነገር የበለጠ አስተማረኝ። አንዷ ቤት የነገዋን ስትወስን ጎረቤቷን ታያለች። ጎረቤቷ ግን ቀድማ ተለውጣ ከሆነ የምታየው የዛሬን ሳይሆን የነገን ነው። ሠራተኞቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጨርሱ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ውጤቱ በየጊዜው የተለየ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ሐይቅ መያዝ ነው። ሁሉም ከአንደኛው ያነብባሉ፣ በሁለተኛው ላይ ይጽፋሉ፤ እርምጃው ሲያልቅ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የተጻፈበት ይነበባል፣ የተነበበው ይጻፍበታል። ብራውዘሩም ቢሆን እያነበብህበት ባለህ ቴክስቸር ላይ እንድትጽፍ አይፈቅድልህም።

ቴክስቸር ያልሁት ሥዕል ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ የዚህ ነገር ታሪክ ደስ ይለኛል።

ግራፊክስ ፕሮሰሰር የተሠራው ለሥዕል ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ1999 ጂፎርስ 256ን ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር አጭር ስም) ብሎ ሲያስተዋውቅ ሥራው ሦስት ማዕዘኖችን ማንቀሳቀስና ቀለም መቀባት ነበር። በ2001 የወጣው ጂፎርስ 3 ለፒክሰሎች፣ ለማያው ነጥቦች፣ የራስህን ትንሽ ፕሮግራም፣ ሼደር የሚሉትን፣ እንድትጽፍ ፈቀደ። ያኔ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ፒክሰል ቁጥር ነው፤ ቀለሙን ትተን ስሌት ብንሰጠው ምን ይከለክለዋል? የአየሩን ፍሰት፣ የደመናውን እንቅስቃሴ በሥዕል መልክ እየጠቀለሉ ሰጡት፤ ውጤቱን ከሥዕል መልሰው ፈቱት። ማርክ ሃሪስ በ2002 ለዚህ አሠራር «ጂፒጂፒዩ» የሚል ስም አወጣለት፤ ግራፊክስ ፕሮሰሰርን ለአጠቃላይ ስሌት መጠቀም ማለት ነው። በ2007 ኩዳ የተባለው የኤንቪዲያ የስሌት መጻፊያ መሣሪያ ሲለቀቅ በኤንቪዲያ ማሽኖች ላይ ማስመሰሉ ቀረ፤ ስሌት ስሌት ተብሎ በግልጽ መጻፍ ቻለ።

በብራውዘር ውስጥ ግን ማስመሰሉ ገና ሊጀምር ነበር። ብራውዘር በግራፊክስ ፕሮሰሰር እንዲሥል የሚያስችለው ዌብጂኤል 1.0 እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ ሁለተኛው ትውልድ በ2017 ተከተለ። ሁለቱም የሚያውቁት ሥዕልን ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም ያደረግሁት እነዚያ የቀድሞዎቹ ያደረጉትን ነው። ማያውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች አስላለሁ፤ ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ሼደሬን ይጠራል፤ እያንዳንዱ ፒክሰል አንዲት የሐይቅ ቤት ናት። አንድ ፒክሰል አራት ቁጥር ይይዛል፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ግልጽነት። በቀዩ የእምቦጩን ብዛት፣ በአረንጓዴው የውሃውን ምግብ፣ በቀሩት ሁለቱ የንፋሱን አቅጣጫ አስቀመጥሁ። ለጂፒዩው እምቦጭ ቀይ ቀለም ነው። ያንን ጥሬ ሥዕል አንድ ጊዜ በቀጥታ ማያው ላይ አውጥቼው ነበር፤ ጣና ደምና ወይን ጠጅ ሆኖ ታየኝ፣ ቶሎ ዘጋሁት።

ጨዋታ ግን ነጥብ ይፈልጋል። ስንት ቤት ላይ እምቦጭ ቀረ? የመጀመሪያው ሐሳቤ ሥዕሉን በሙሉ ከጂፒዩው ወደ ጃቫስክሪፕት መልሶ በማንበብ መቁጠር ነበር። እዚያ ላይ ያ ሁሉ ትርፍ ጠፋ። ምክንያቱም ጃቫስክሪፕቱ ሥራውን አዝዞ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ ከጂፒዩው ጋር እኩል አይሄድም፤ ጂፒዩው ከኋላ እየተከተለ ይሠራል። «አሁን ውጤቱን ስጠኝ» ካልኸው ሁለቱም ይቆማሉ፤ የተሰለፈው ሥራ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ ዕቃው ይጫናል፣ ይራገፋል። በየፍሬሙ እንዲህ ማድረግ አጫጆቹን በየነዶው አቁሞ መቁጠር ነው።

የአገሩ የቆጠራ ሥርዓት አዳነኝ። ወረዳው እያንዳንዱን ቤት እየዞረ አይቆጥርም። ጎጡ የራሱን ይቆጥራል፣ ለቀበሌው ያስረክባል፤ ቀበሌው ደምሮ ለወረዳው ይልካል። እኔም ሐይቁን ከ512 ወደ 256፣ ከ256 ወደ 128 እያልሁ አወረድሁት፤ በየደረጃው አራት ቤት ተደምሮ አንድ ይሆናል። በዘጠኝ እርምጃ 262,144ቱ ቤት አንዲት ፒክሰል ሆነ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ያው ደቦ ነው። እኔ የማነብበው ያችን አንድ ፒክሰል፣ እሷንም በግማሽ ሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ልዩነቱን አያየውም፤ ስልኩ ግን ያየዋል።

አሁን ወደ አራት ማዕዘኑ።

እምቦጭ በተፈጥሮው እኩል አይስፋፋም። ስለዚህ እያንዳንዷ ቤት በየእርምጃው ዕጣ ትጥላለች። የወጣው ቁጥር ከዕድሉ ካነሰ አረሙ ይሻገራል፣ ካልሆነ ይቆያል። ጥርስ ጥርስ የሚያወጣው ይህ ዕጣ ነው። ሼደር ግን የራሱ የዕጣ ማውጫ የለውም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አንድ ብልሃት ወስጄ ነበር፦ የቤቷን አድራሻ ሳይን ውስጥ ታስገባለህ፣ በ43758.5453 ታባዛለህ፣ ከነጥብ በፊት ያለውን ጥለህ ከነጥብ በኋላ ያለውን ትወስዳለህ። ያ ቅሪት ዕጣህ ነው። ከሼደሩ አናት ላይ ደግሞ ከአንድ ምሳሌ ላይ የገለበጥኋት አንዲት መስመር ነበረች፤ ቁጥሮቹ በ«ሚዲየምፒ» ይሁኑ የምትል፣ ማለትም በመካከለኛ ጥራት። ሳላስብባት ነበር የተውኋት።

መካከለኛ ጥራት በብዙ ስልኮች ላይ 16 ቢት ነው። ይህን በሚዛን ልንገራችሁ። የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ጥቂት ነገር ብቻ ይችላል፣ ግን ቅንጣቷን ያያል። የእህል ሚዛን ኩንታል ይሸከማል፣ ግራም ግን አያይም። የ16 ቢት ቁጥር እንደየክብደቱ ሚዛኑን የሚቀይር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ቅንጣት ይለያል። 1,024 ሲደርስ የሚለየው ሙሉ ቁጥርን ብቻ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ምንም አይቀርም። ከ2,048 በላይ በሁለት በሁለት ይዘልላል። 40,000 አካባቢ ደግሞ በ32 በ32። እኔ ደግሞ በ43,758 አባዝቼ ከነጥብ በኋላ ያለውን እፈልጋለሁ! በኩንታል ሚዛን ላይ ሆኜ የግራሙን ሽርፍራፊ እጠይቃለሁ። መልሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ዜሮ ደግሞ ከማንኛውም ዕድል ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዷ ቤት፣ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ «ተሻገር» የሚል ዕጣ ይወጣላታል። በስምንቱም አቅጣጫ እኩል ሲሻገር የሚወጣው ቅርጽ አራት ማዕዘን ነው።

ታዲያ ላፕቶፑ ለምን አላሳየኝም? አብዛኞቹ የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያችን ቃል እንዳልሰሟት ያልፏታል፤ መካከለኛ ብትላቸውም በ32 ቢት ያስባሉ። የስልክ ፕሮሰሰር ግን ባትሪ መቆጠብ ስላለበት ቃሏን ይቀበላል፤ በግማሹ መጠን ሲያስብ የሚያወጣው ጉልበት ያንሳል። ከሁለቱ ቃሌን ያከበረው ርካሹ ስልክ ነበር።

ማስተካከያው በጽሑፍ ሲታይ ትንሽ ነው። «ሚዲየምፒ» የምትለውን «ሃይፒ»፣ ማለትም ከፍተኛ ጥራት፣ አልኋት፤ ዌብጂኤል 2 ላይ ይህ በሁሉም ዕቃ መኖሩ ግዴታ ነው። ዕጣውንም ከሳይን አውጥቼ በ32 ቢት ሙሉ ቁጥሮች ሠራሁት፤ ሙሉ ቁጥር ሽርፍራፊ የለውም፣ ሲሞላ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፣ በየትኛውም ዕቃ ላይ ያው ነው። አዲሱን ላክሁለት። ማታ ላይ መለሰልኝ፦ «ጋሼ አሁን ጥርስ አወጣ።» ቀጥሎም «ግን ስልኩ ይግላል» ብሎ ጻፈ።

እውነቱን ነው። ጂፒዩ ስለቻለ ብቻ በሴኮንድ 60 ጊዜ ማሠራት ልክ አይደለም። ስልክ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ጨዋታው ይንቀራፈፋል፣ ባትሪውም ያልቃል፤ መብራት ደግሞ ሁልጊዜ የለም። እምቦጭ የሚያድገው በቀናት ነው። ስለዚህ ስሌቱን በሴኮንድ ወደ 15 እርምጃ አወረድሁት፤ በመሐል ያሉትን ፍሬሞች ካለፈውና ከአሁኑ ሐይቅ እያቀላቀልሁ አሳያለሁ። ሁለቱ ሐይቆች እዚህም ጠቀሙኝ።

በብራውዘር ላይ ለምን ሙጥኝ እንዳልሁ የሚጠይቁኝ አሉ። መልሴ ያው ልጅ ነው። ስልኩ ሞልቷል፤ አዲስ መተግበሪያ ለመጫን ፎቶ ማጥፋት አለበት። ጨዋታዬ በሙሉ፣ ሼደሩም ካርታውም፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ መጠኑ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶ ያንሳል። ይህ የሆነው ደግሞ ጂፒዩው ስለሚያስብልን ነው። የሐይቁ እንቅስቃሴ በቪዲዮ ወይም በሥዕል ክምር ቢሆን ኖሮ መውረድ ነበረበት። እኔ የምልከው ሕጉን ብቻ ነው፤ ሐይቁ የሚፈጠረው እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ የዚህ ዋጋ ገባኝ። ፋይሉ በፍላሽና በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ከመረብ የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ያለ መረብ ተከፈተ። አንድ ልጅ ከእንጅባራ የመጣ የአጎቱ ልጅ ስልክ ላይ እንዳየው ሲነግረኝ፣ ለረጅም ጊዜ እንዲያ ደስ ያለኝ ነገር አልነበረም።

የዌብጂኤል ተተኪ የሆነው ዌብጂፒዩ እ.ኤ.አ. በ2023 በክሮም 113 ሲመጣ ማስመሰሉ በብራውዘርም አበቃ። አሁን ስሌትን ስሌት ብለህ ትጽፋለህ፤ ሥዕልና ሦስት ማዕዘን አያስፈልግም። ሠራተኞቹን በቡድን ትመድባለህ፤ በመደበኛው ገደብ አንድ ቡድን እስከ 256 ይይዛል፣ በመካከሉም 16 ኪሎ ባይት የጋራ ማስቀመጫ አለው። ደቦ ላይ በማሳው መሐል እንደሚቀመጠው የጠላ ጋን ነው፤ ለመጠጣት ሁሉም ወንዝ ድረስ አይወርድም። ጎረቤቶች የሚካፈሉትን የሐይቅ ቁራሽ አንድ ጊዜ እዚያ ያመጡና ከዚያ ይቀዳሉ። አዲሱን ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ወድጄዋለሁ። የድሮውን ግን አልጣልሁትም። በአንድሮይድ ላይ ክሮም ዌብጂፒዩን በ2024 መጀመሪያ ሲያቀርብ አንድሮይድ 12ንና ከዚያ በላይን ይጠይቅ ነበር። የልጁ ስልክ እዚያ አይደርስም። ጨዋታው ሲከፈት መጀመሪያ አዲሱን ይጠይቃል፣ ከሌለ ወደ ዌብጂኤል 2 ይመለሳል። ሁለት ቅጂ ማስተካከል ድካም አለው። ሆኖም በርካሽ ስልክ ላይ ያልተሞከረ የብራውዘር ጨዋታ አለቀ ሊባል አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ በውድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ታይተው የሚለቀቁትን ሳይ እቆጫለሁ።

ባለፈው ክረምት ልጁ ለእረፍት ባሕር ዳር እኔ ጋ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ወርደን፣ ደንገል እየጎነጎኑ ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥን። ልጁ ጨዋታውን ከፍቶ ሲጫወት አዩትና «ምንድን ነው ይህ?» አሉ። አሳያቸው። ከሐይቁ መሐል ትልቁን የእምቦጭ መንጋ ነቅሎ ጨርሶ ነበር፤ ከዳር ዳሩ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ቀርቶታል። «አሸነፍሁ» አለ። ንፋሱ ግን እየነፈሰ ነው። ነጠብጣቡ ወደ ደቡብ ተጓዘ፣ ወንዝ የሚገባበት ዘንድ ሲደርስ ሰፋ፣ ከዚያ ፈላ።

ሽማግሌው ደንገሉን አስቀመጡት። «እኛም የሆነው ይኸው ነው» አሉ። «ለዘመቻ ሄጃለሁ። ዋናውን ነቅለን ደስ ሲለን ስባሪው ከኋላችን ይሄድ ነበር። ይህን ማን ነገረህ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ማንም አልነገረኝም፤ ኮዱ ውስጥም «ስባሪ ተጉዞ ይበቅላል» የሚል መስመር የለም። ያለው ሦስት ነገር ነው፦ ንፋስ ይገፋል፣ ምግብ ያሳድጋል፣ ጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ይህንኑ ለማስረዳት ሞከርሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከስልኩ አልተነሣም።

«አምጣ እስቲ» አሉት ልጁን። «ከመሐል አይጀመርም። ንፋሱ ከሚሄድበት ዳር ነው የሚጀመረው፤ የሚመጣውን እየተቀበልህ ትነቅላለህ።» ሻካራ አውራ ጣታቸውን ማያው ላይ አሳረፉ፤ መጀመሪያ አልሰማቸውም፣ በቀሚሳቸው ጠራርገው ደገሙት። ሦስቱ ጀልባዎች ወደ ደቡቡ ዳርቻ ዞሩ። ልጁ ተጠግቶ ያይ ነበር። ከላይ ጥግ ላይ በግማሽ ሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚታደሰው ቁጥር ትንሽ ቆየና መውረድ ጀመረ።